ተማሪን በትምህርት አዳራሽ ስለ ማትጋት



ከመካከላችሁ ከሥራ በኋላ በማታው ክፍል የሚማር፥ ወይም ልጁን ወደ ዩኒቨርሲቲ የላከ ብዙ ነው። ስለዚህ የዛሬው ንግግራችን ተማሪ ልቡን ከትምህርቱ ላይ የሚያሳርፍበትን ዘዴ ይመለከታል።

አስተማሪው ቆሞ ሲናገር ተማሪውም ተቀምጦ ሲጽፍ ዕውቀት የተላለፈ ይመስላል። ነገር ግን ደብተሩ ሞልቶ ልቡ ባዶ የሚቀር ተማሪ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ ምስክር የሚሆኑን በአሜሪካ አገር በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ አስተማሪ የሆኑት ኤሪክ ማዙር ናቸው። ተማሪዎቻቸው ከባድ ከባዱን ሒሳብ ይሠሩ ነበር። ይሁን እንጂ የጭነት መኪናና ትንሽ አውቶሞቢል ቢጋጩ ኃይሉ የሚበረታው በማናቸው ላይ ነው? የሚለውን የመሰለ ተራ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ብዙዎቹ ተሳሳቱ። ኃይሉ በሁለቱም ላይ እኩል ነው። ሕጉን በቃል ያውቁታል፤ ምሥጢሩን ግን አላገኙትም ነበር።

ስለዚህ ማዙር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. አዲስ ሥርዓት ጀመሩ። ይኸውም ጥቂት ካስረዱ በኋላ አንድ ጥያቄ ያቀርባሉ፤ እያንዳንዱ ተማሪ ብቻውን አስቦ መልሱን ይሰጣል፤ ቀጥሎም ከጎረቤቱ ጋራ ይከራከርና ዳግመኛ ይመልሳል፤ በመጨረሻም አስተማሪው ያብራራሉ። መልሱን አስቀድሞ የሰጠ ሰው እውነቱን ለማወቅ ይጓጓል። ነገሩን አሁን የተረዳ ጓደኛም እንቅፋቱ የት እንዳለ አይዘነጋም።

በ2014 የታተመ አንድ ምርመራ 225 ጥናቶችን መዝኖ፥ በሳይንስና በሒሳብ ትምህርት ንግግር ብቻ በሚሰማበት ክፍል ከመቶው 34 ያህሉ፥ ተማሪው በሚሳተፍበት ግን 22 ያህሉ እንደሚወድቁ አሳይቷል። ከመቶ 12 ሰው ማዳን ቀላል ነገር አይደለም።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ሰምቶ ብቻ አይመለስም፤ ለብቻው ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከመምህሩ ፊት ቀርቦም ይነግራል፥ ይታረማል።

እንግዲህ አስተማሪ የሆናችሁ ጠይቁ፤ ከጠየቃችሁም በኋላ ዝም ብላችሁ ታገሡ። ተማሪ የሆናችሁም ጥያቄ ሲቀርብ መልሱን ከሌላው አፍ አትጠብቁ። እንዲህ ያለው ትምህርት ያደክማልና ያልተማሩ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ነገር ግን ድካሙ ራሱ የመማር ምልክት መሆኑን አትርሱ።