ሚዛንና እጅ፦ ስለ ዛሬዎቹ የብር አንጥረኞችና ስለ ሥራቸው ዋጋ

ስለ ኢትዮጵያ የብር ጌጣጌጥ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ስለ መልኩ ነው። መስቀሉ የላሊበላ ነው፥ የጎንደር ነው፥ የአክሱም ነው እየተባለ በየዐይነቱ ይዘረዘራል፤ ድሪው፥ አልቦው፥ አምባሩና ወለባው በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ይታያል። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም በዛሬው ጊዜ በእጁ የሚሠራ አንጥረኛ የድካሙን ዋጋ የሚያገኘው እንዴት እንደ ሆነ ነው። ነገሩ የገበያ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን የትኛው የሥራ ዐይነት እንደሚቀጥልና የትኛው እንደሚቀር የሚወስነው ይኸው መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን።

ስለ ዛሬው ከመናገራችን በፊት ብሩ ቀድሞ ከየት ይገኝ እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፥ ሕዝቡ ጠገራ ብር የሚለው ገንዘብ በአገራችን ለረጅም ዘመን ሲዘዋወር ኖሯል። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሕ 833 እጁም ንጹሕ ብር ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። ይህ ለአንጥረኛው ትልቅ ምቾት ነበረ፤ የብሩ ጥራት አስቀድሞ የታወቀ ስለ ሆነ ለመፈተን አይቸገርም። ጌጥ ማሠራት የሚፈልግ ሰው ጠገራውን ይዞ ይመጣል፤ አንጥረኛውም ያቀልጠዋል፥ ወይም ሳያቀልጥ በሞረድ እየሞረደ የአንገት መስቀል ያደርገዋል። በአንዳንድ አሮጌ መስቀሎች ላይ የንግሥቲቱ መልክ ርዝራዥ እስከ ዛሬ ይታያል። እንዲህ ባለው አሠራር ብሩ የባለ ጌጡ፥ እጁ የአንጥረኛው ነው፤ የሁለቱ ሒሳብ አይደባለቅም።

በሐምሌ 1937 ዓ.ም. አዲሱ የወረቀት ገንዘብ በሕግ ከወጣ በኋላ ጠገራው ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አንጥረኛው ብሩን ራሱ ገዝቶ ማቅረብ ግድ ሆነበት፤ አሮጌ ጌጥ እየገዛ ያቀልጣል፥ የተረፈ ጠገራ ይፈልጋል፥ ከውጭ የገባውንም ይገዛል። አንጥረኛው ባለ ሥራ ብቻ ሳይሆን ነጋዴም ሆነ ማለት ነው። ገዢውም በበኩሉ «ስንት ግራም ነው?» ብሎ መጠየቅ ለመደ። እዚህ ላይ የእጁ ዋጋ በሚዛኑ ውስጥ ገብቶ ተደበቀ።

የዚህን ውጤት ለመረዳት ሁለት የአሠራር መንገዶችን ማነጻጸር ይበቃል። የመጀመሪያው ከቀጭን የብር ሽቦ የሚጠለፈው ሥራ ነው። አንጥረኛው ብሩን በከሰል እሳት አቅልጦ እንደ ዘንግ ያፈሰዋል፤ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ከዚያም ቀዳዳዎቹ እየጠበቡ በሚሄዱበት የብረት ገበታ ውስጥ ደጋግሞ ይስበዋል። ብር ሲሳብ ይደርቃል፤ ስለዚህ በየመካከሉ በእሳት ማለስለስ አለበት፤ ይህን የዘለለ ሰው ሽቦው ይበጠስበታል። ሽቦው እንደ ክር ሲቀጥን ሁለቱን አንድ ላይ ይገምደዋል፥ ጠፍጠፍ ያደርገዋል፥ በጉጠት ጫፍ እየጠመዘዘ በክፈፉ ውስጥ ይደረድረዋል። በመጨረሻም የመበየጃ ብር ዱቄት ከቦራክስ ጋር ነስንሶ በእሳት ይበይደዋል። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ እሳቱ ጥቂት ካነሰ አይያያዝም፥ ጥቂት ከበዛ ደግሞ የቀናት ድካም በአንድ አፍታ ወደ አንዲት የብር ጠብታ ይለወጣል። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ያለቀው ጌጥ ግን በሚዛን ላይ ሲወጣ ጥቂት ግራም ብቻ ነው፤ የሥራው ውበት ባዶ ቦታው ነውና።

ሁለተኛው መንገድ ማፍሰስ ነው። መልኩ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙ በጭቃ ይለበጣል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ቦታውን የቀለጠው ማዕድን ይይዛል። (የቅኔ መምህራኖቻችን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚሁ የእጅ ሥራ ነው፤ ቅኔው ሲከበር አንጥረኛው ግን ሲናቅ መኖሩ የሚያስደንቅ ነው።) ይህም ቢሆን ብርቱ ጥበብ ይጠይቃል። ነገር ግን ዛሬ ከአንድ የጎማ ቅርጽ ብዙ የሰም መልክ ማውጣት ስለሚቻል ሥራው ፈጣን ሆኗል፤ ጌጡም ድፍንና ከባድ ነው።

እንግዲህ ሁለቱ በአንድ ሚዛን ሲሸጡ ማን እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። በግራም የሚከፈለው ሰው ብዙ ሰዓት የሚፈጅና ጥቂት የሚመዝን ሥራ ቢሠራ ከራሱ ላይ ይሰርቃል። በእኛ አስተያየት የሽቦው ሥራ እየቀነሰ የሚሄደው ወጣቶች ትዕግሥት ስላጡ አይደለም፤ ሚዛኑ ስለሚቀጣቸው ነው።

በአንጻሩ ለጎብኚ የሚሸጠው ዕቃ በመልኩ እንጂ በክብደቱ አይገመትም። እዚያ ደግሞ የሚጠፋው ብሩ ነው። ኒኬል የሚባለው ነጭ ማዕድን የመዳብ፥ የኒኬልና የዚንክ ድብልቅ ሲሆን ብር የሚባል ነገር የለበትም፤ ነገር ግን ሲወለወል ብር ይመስላል። በመፈተኛ ድንጋይና በአሲድ ካልተመረመረ ዐይን ብቻ አይለየውም። ኒኬል መሥራት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ብር ነው ብሎ መሸጥ ነው፤ የሚጎዳውም እውነተኛውን ብር የሚያቀርበው ጎረቤቱ ነው። ይህም ገበያ ቢሆን አስተማማኝ አልሆነም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን በነበረው ጦርነት ወደ አክሱም የሚመጣው ጎብኚ ተቋረጠ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር በላይ የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ከውጭ የሚገባ ማዕድንም ተወደደ።

የእጅ ዋጋ ለብቻው ሊታይ እንደሚችል የሚያስረዳ አንድ ምሳሌ ከእንጦጦ እናገኛለን። በዚያ የሚሠሩ ሴቶች፥ ከነዚህም ብዙዎቹ ከኤች.አይ.ቪ. ጋር የሚኖሩ ናቸው፥ ከጥይት ቀለህ ቀልጦ በተሠራ ዶቃ ሐብልና አምባር እያዘጋጁ ወደ ውጭ አገር ጭምር ይሸጣሉ። ቀለሁ ተራ ናስ ነው፤ በግራም ቢመዘን የሚያወጣው ዋጋ ትንሽ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለሠሪዋ እጅና ጥይቱ ጌጥ ስለ መሆኑ ነው።

ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ አንጥረኛውንም ሆነ ሌላውን ባለ እጅ በሥራው መስደብን ከልክለዋል። ስድቡ በዐዋጅ ይከለከላል፤ ሒሳቡን ግን ማንም አልነካውም። እኛ የምናቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው፤ በየሱቁ በሚሰጠው ደረሰኝ ላይ የማዕድኑ ዐይነትና ክብደት በአንድ መስመር፥ የእጅ ዋጋ በሌላ መስመር ይጻፍ፤ ጌጡም የሠሪው ምልክት ይመታበት። በስድስት ኪሎ በሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ብዙ መስቀሎች ተሰብስበዋል፤ በጥንታውያን መስቀሎች ላይ የሰጪው ስም ተቀርጾ መገኘቱ አዲስ ነገር አይደለም፥ የሠሪው ግን እምብዛም ነው። ወደ አንጥረኞች ለጥናት የሚሄዱ ባልደረቦቻችን ከጌጡ ስምና መጠን ጋር ሁለት ነገር እንዲመዘግቡ እንለምናለን፤ የሠሪውን ስም፥ ፈቃዱ ከሆነ፥ ሥራውም የፈጀውን ሰዓት።