በወይራው ዝንጣፊ ሥር፦ ኃጢአት፣ ጸጸትና ነፃ ፈቃድ በክርስትና አስተሳሰብና ሥነ ጽሑፍ

በስቅለት ዕለት፣ የቀኑ ስግደት ሲያበቃ፣ ምእመኑ ተሰልፎ ወደ ካህኑ ይቀርባል። ካህኑ የወይራ ዝንጣፊ ይዘዋል። ሰውየው ጎንበስ ሲል ጀርባውን ቸብ ቸብ ያደርጉትና ስንት ጊዜ እንደሚሰግድ ይነግሩታል። ለምን ይህን ያህል ብሎ የሚከራከር የለም። ቁጥሩን ይዞ ወደ አንድ ጥግ ይሄዳል፣ ነጠላውን ያደገድጋል፣ መስገድ ይጀምራል። ቀኑን ሙሉ ጾሞና ሰግዶ ጉልበቱ የዛለ ሰው ያንን ተጨማሪ ስግደት ሲጨርስ ፊቱ ላይ የሚታየው እፎይታ ነው።

ያ እፎይታ የሚመጣው ሰውየው ጥፋቱን የራሴ ነው ብሎ ስለተቀበለ ነው። የራሴ ነው ለማለት ደግሞ ላላደርገው እችል ነበር ብሎ ማመን አለበት። ባይችል ኖሮ የሚጸጸትበት ነገር ባልኖረ፣ ካህኑም ቀኖና ባልሰጡት። ታዲያ ሰው በእርግጥ ይችል ነበር ወይ? ክርስትና ከ1,600 ዓመታት በላይ የተከራከረው በዚህ ጥያቄ ነው።

ከቃሉ እንጀምር። «ኃጢአት» የመጣው «ኀጥአ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። አጣ፣ ሳያገኝ ቀረ ማለት ነው፤ የአማርኛው «አጣ» ራሱ የዚሁ ግስ ልጅ ነው። አዲስ ኪዳን የተጻፈበት ግሪክኛም «ሐማርቲያ» ሲል ዒላማ መሳትን ያመለክታል። ስለዚህ ኃጢአተኛ በቃሉ ሥር ያጣ፣ የሳተ ሰው ነው። የኋላው ሙግት ሁሉ ያጣው ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ነው ቢባል ብዙ ስሕተት የለውም።

በምዕራቡ ዓለም የጥያቄው አባት አውግስጢኖስ ነው። በ354 እ.ኤ.አ. ዛሬ አልጄርያ በምትባለው አገር፣ በታጋስቴ ተወለደ። «ኑዛዜ» በተባለው መጽሐፉ ሁለተኛ ክፍል አንዲት ትንሽ ስርቆት ይተርካል። ዐሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። ሌሊት ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የጎረቤት ፒር አራገፈ። ፍሬው አላማረም፣ አልጣፈጠም፤ እሱም የተሻለ ፒር ነበረው። ጥቂት ቀምሰው የቀረውን ለአሳማ ጣሉት። ነፍስ ያጠፋ ሰው እንኳ ብዙ ጊዜ ምክንያት አለው፤ እኔ ግን ለምን ሰረቅሁ? ብሎ በዚያች ስርቆት ላይ ገጽ በገጽ ይሟገታል። ጥፋቱን የወደደው ጥፋት ስለሆነ ብቻ እንደነበር፣ ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደማያደርገው ይደርስበታል። ስለ ሰው ፈቃድ ከተጻፈው ሁሉ እንደዚህች የፒር ታሪክ የሚያስደነግጠኝ ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን ስንበድል የምናቀርበውን ሰበብ ሁሉ ትወስድብናለችና።

አውግስጢኖስ በወጣትነቱ ክፋት የራሱ ባሕርይ ያለው ኃይል ነው ከሚሉት ማኒያውያን ጋር ነበር። ከእነሱ ከወጣ በኋላ ክፋት ከሰው ፈቃድ እንደሚመነጭ በመግለጽ ስለ ነፃ ፈቃድ ጻፈ። በስተርጅናው የገጠመው ባላንጣ ግን ይህንኑ ነፃነት እጅግ የሚያጎላ ሰው ሆነ፤ ከብሪታንያ የመጣው መነኩሴ ጴላግዮስ። ጴላግዮስን ለቅምጥሎች ጠበቃ አድርጎ ማቅረብ ተለምዷል፤ ይህ ፍትሐዊ አይደለም። ብርቱ ተጋዳይ ነበር፤ ያበሳጨውም በሮም ያያቸው ክርስቲያኖች ድካማቸውን ሰበብ አድርገው መተኛታቸው ነው። እግዚአብሔር የማይቻል ነገር አያዝዝም፣ ካዘዘ ሰው ይችላል ማለት ነው ይል ነበር። አውግስጢኖስ ደግሞ ፈቃዳችን ከአዳም ጀምሮ ቆስሏል፣ ያለ ጸጋ መልካሙን መውደድ እንኳ አይችልም አለ። የካርታጎ ጉባኤ በ418 እ.ኤ.አ. የጴላግዮስን ትምህርት አወገዘ። ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስት ዓለም አቀፍ ጉባኤያት አንዱ የሆነው የ431 የኤፌሶን ጉባኤም የጴላግዮስን ባልንጀራ የኬሌስጥዮስን ሐሳብ የያዙትን አወገዘ።

ክርክሩ በአንድ ሐረግ ትርጉምም ከሯል። በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 5 ቁጥር 12 ላይ ግሪክኛው ብዙዎች እንደሚያነቡት «ሁሉ ስለበደሉ» ይላል። አውግስጢኖስ በእጁ የነበረው ላቲን ግን «በእርሱ ሁሉ በደሉ» ተብሎ የሚነበብ ነበር፤ ስለዚህ የሰው ዘር በሙሉ በአዳም ውስጥ ሆኖ በደለ፣ ዕዳውንም ይዞ ይወለዳል አለ። ዮሐንስ አፈወርቅን የመሰሉ የምሥራቅ አባቶች ግን ከአዳም የወረስነው ሞትንና ደዌን እንደሆነ ሲያጎሉ፣ ኃጢአትን እንደ ሕመም፣ ንስሐን እንደ መድኃኒት አዩ። በእኛ ዘንድ ይህ ከአዳም የመጣው በደል የሚጠራበት «ጥንተ አብሶ» የሚለው ቃል ዛሬም የጦፈ ክርክር የሚያስነሣው፣ እመቤታችን ከዚህ ነጻ ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ነው። ገድለ አዳም ወሔዋን የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ደግሞ ሙግቱን ትቶ ልቅሶውን ያሳያል፤ ከገነት የወጡት ሁለቱ ሰዎች በዋሻ ተቀምጠው ያጡትን ብርሃን ያለቅሳሉ፣ ሰይጣንም መልኩን እየለወጠ ደጋግሞ ይመጣባቸዋል። የሚያጽናናቸው ከአምስት ቀን ተኩል፣ ማለትም ከ5,500 ዘመን በኋላ አድናችኋለሁ የሚለው ቃል ኪዳን ነው።

በምዕራቡ ዓለም በፕሮቴስታንት ተሐድሶ ዘመን አሮጌው ሙግት እንደገና ተነሣ። ምሁሩ ኤራስመስ በ1524 እ.ኤ.አ. ለነፃ ፈቃድ ጠበቃ ሆኖ ጻፈ፤ የተሐድሶው መሪ ሉተር በዓመቱ ፈቃድ ባሪያ ነው ብሎ መለሰ። የሰው ፈቃድ እንደ ጋማ ከብት ነው፤ እግዚአብሔር ከተቀመጠበት ወደ እግዚአብሔር፣ ሰይጣን ከተቀመጠበት ወደ ሰይጣን ይሄዳል የሚለውን ምሳሌ ያጠናከረው በዚያ መጽሐፍ ነው። ካልቪናውያን በ1618 እና 1619 በዶርት ከተማ ተሰብስበው መዳን ቀድሞ በእግዚአብሔር ምርጫ የተወሰነ ነው የሚለውን አጸኑ። ይህ ትምህርት ለብዙ ትሑታን መጽናኛ ሆኗል፤ ትዕቢተኛ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ግን ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሆግ በ1824 ባሳተመው ልብ ወለድ አሳየ። ባለታሪኩ ከተመረጡት ወገን ነኝ ብሎ ስላመነ ነፍስ ማጥፋት እንኳ አያስኮንነኝም ይላል።

ከልብ ወለድ ደራስያን ሁሉ ጥያቄውን እስከ ጫፉ የወሰደው ዶስቶየቭስኪ ነው እላለሁ። በ1866 በወጣው «ወንጀልና ቅጣት» ባለታሪኩ ራስኮልኒኮቭ አሮጊቷን አራጣ አበዳሪ በመጥረቢያ ከገደለ በኋላ፣ ወዳጁ ሶንያ ወደ መስቀለኛ መንገድ ሂድ፣ ምድሪቱን ሳም፣ ገድያለሁ ብለህ ጮክ በል ትለዋለች። በገበያው መካከል ይንበረከካል፣ ጭቃውን ይስማል። ሰዉ ሰክሯል ብሎ ይስቅበታል፤ አፉ ላይ የደረሰው ቃልም ይመለሳል። በኋላ ለፖሊስ ተናዝዞ ስምንት ዓመት ተፈርዶበት ሳይቤሪያ ከወረደ በኋላ እንኳ ብዙ ጊዜ አይጸጸትም፤ የሚቆጨው አለመቻሉ ነው። በደልን መናገርና በደልን መጸየፍ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን እንዲህ አጥርቶ ያሳየ ደራሲ አላውቅም።

የእኛው ሀዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ሌላ በር ከፍተዋል። በዛብህ ገና ሕፃን ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውታል። ስእለቱን የተናገረው ሌላ ሰው፣ ዕዳው የሱ ነው። ሰብለ ወንጌልን ሲወድ የሚያሳድደው ጸጸት ራሱ ካልገባው ኪዳን የመጣ ነው። አውግስጢኖስ ስለ አዳምና ስለ ልጆቹ ያነሣው ጥያቄ እዚህ ጎጃም ውስጥ፣ በአንድ የቅኔ ተማሪ ደረት ላይ ተቀምጧል።

በመጨረሻ በላዔ ሰብእን ላንሣ። በተአምረ ማርያም እንደሚተረከው፣ ይህ ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ነፍስ በልቷል። የተጠማ ድኃ መንገድ ላይ ውኃ ሲለምነው ይከለክለዋል። በእመቤታችን ስም ሲለምነው ግን ጥርኝ ውኃ ይሰጠዋል፤ በሚዛኑ ቀን ያቺ ጥርኝ ውኃ ከ78ቱ ነፍስ ትመዝናለች። ታሪኩ ለኃጢአት ልብ ይሰጣል የሚሉ አሉ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል። እኔ ግን የሚይዘኝ ከሚዛኑ በፊት ያለው ቅጽበት ነው። ውኃው የሱ ነው፣ ከልክሎም ነበር፣ አሁንም ሊከለክል ይችላል። ያ ሁሉ ክፋት የዋጠው ሰው ውስጥ እጅ የምታህል ነፃነት ቀርታለች፤ እሷንም ዘረጋት። የካቲት 16 ቀን በኪዳነ ምሕረት በዓል ታሪኩ ሲነገር ስትሰሙ፣ ሚዛኑ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት እዚያች እጅ ላይ ጥቂት ቆዩ።