የሜዳው ሥርዓትና የሰማዩ ሕግ

ከሃያና ሠላሳ ዓመት በፊት በአሜሪካ የሞዴል አውሮፕላን ሜዳዎች አንድ የእንጨት ሰሌዳ አይጠፋም ነበር። የሬዲዮ መስመሮች ቁጥር በተርታ ተጽፎበት፣ ለየቁጥሩ አንድ የልብስ መቆንጠጫ ይኖረዋል። በ72 ሜጋኸርዝ ለሞዴል አውሮፕላን የተፈቀዱት 50 መስመሮች ብቻ ስለነበሩ፣ ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ላይ መቆጣጠሪያቸውን ከከፈቱ አየር ላይ ያለው አውሮፕላን የማንን ትእዛዝ እንደሚሰማ ይጠፋዋል፤ ይከሰከሳል። ስለዚህ በብዙ ክለቦች የመስመሩን መቆንጠጫ ያልያዘ ሰው መቆጣጠሪያውን አይከፍትም ነበር። ደንቡን የሚያስከብር ፖሊስ አልነበረም። ደንቡን የጣሰ ሰው ጎረቤቱ ወራት የደከመበትን ሥራ በሰከንድ እንደሚያፈርስ ሁሉም ያውቃል፤ የሚያየውም አጠገቡ ቆሞ ነው።

ይህ ሰሌዳ ዛሬ በ2.4 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ተተክቷል። ያስለመደው ሥርዓት ግን ክርክሩ ሊነሳበት የሚገባ ቦታ ይመስለኛል። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።) የአሜሪካ የሞዴል ኤሮኖቲክስ አካዳሚ ከ1936 ጀምሮ ክለቦችን በደኅንነት ደንብ አስተሳስሮ ቆይቷል። የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር (ኤፍኤኤ) በ1981 ያወጣው መመሪያም ከ400 ጫማ በላይ አትብረሩ፣ ከሰው መኖሪያ ራቁ የሚል በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ምክር ነበር። ኮንግረስ በ2012 ከዚያም አልፎ፣ የማኅበር የደኅንነት መመሪያን ተከትሎ በሚበር ሞዴል ላይ ኤፍኤኤ አዲስ ደንብ እንዳያወጣ ከለከለ። በኔ እምነት የክለቦች ራስን በራስ የመግዛት ልማድ ለሰማዩ ደኅንነት ከተገኙት ሁሉ ርካሹና ጠንካራው መሣሪያ ነው፤ የሚያዳክመው ሕግም የሚጎዳው ራሱን ነው።

የ2012ቱ ሕግ ግን ቀዳዳ ነበረበት፤ ይህን መካድ አይገባም። ድሮን ከሱቅ ተገዝቶ በዚያው ቀን የሚነሳ ዕቃ ሲሆን፣ የክለብ ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሁሉ «ለመዝናኛ ነው» ብሎ በዚያ ከለላ ሊጠለል ቻለ። በ2015 መጨረሻ ኤፍኤኤ በ5 ዶላር ተመዝገቡ አለ፤ በግንቦት 2017 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የ2012ቱን ሕግ ጠቅሶ ምዝገባውን ለሞዴል አውሮፕላን ሻረው፤ በታኅሣሥ ኮንግረስ መለሰው፤ በ2018 ደግሞ ከለላውን ራሱን አንስቶ በፈተናና በከፍታ ገደብ ተካው።

የቁጥጥሩ ደጋፊዎች ግጭቶችን ይጠቅሳሉ፤ እነዚያም ቀላል አይደሉም። በመስከረም 2017 በስታተን አይላንድ አጠገብ አንድ የመዝናኛ ድሮን ከጦር ሠራዊቱ ብላክሆክ ሄሊኮፕተር ጋር ተጋጨ። ድሮኑ ከአብራሪው እይታ ውጭ ነበር፤ ሰውየው በአካባቢው ጊዜያዊ የበረራ ክልከላ መኖሩን አያውቅም፤ መጋጨቱንም የሰማው መርማሪዎች ሲያነጋግሩት ነው። የደረሱበትም ሄሊኮፕተሩ ላይ በተገኘው የድሮኑ ስባሪ ነው። በጥር 2025 የሎስ አንጀለስ እሳት ሲነድ፣ ከሳንታ ሞኒካ መኪና ማቆሚያ ጣሪያ የተነሳ ድሮን ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከዓይን ከተሰወረ በኋላ የእሳት ማጥፊያውን አውሮፕላን ክንፍ በሳ። ከተማ እየነደደ አንድ አውሮፕላን ከሥራ ወጣ። ሁለቱም አደጋዎች የተነሱት ከክለብ ሜዳ አይደለም። ሁለቱም ላይ የጎደለው ዓይንና አስታዋሽ ነው፤ ክለብ ደግሞ ዓይንና አስታዋሽ ነው።

«መኪና ሁሉ ሰሌዳ አለው፤ የሚበርም ነገር ማንነቱን በሬዲዮ ቢያሳውቅ ምን ይከብዳል?» የሚለው ሙግት ጠንካራ ነው። ብቻውን ርቆ ለሚሄድ ድሮን እኔም እቀበለዋለሁ። ቦታው ለታወቀ፣ ከዓይን ለማይርቅ፣ ከባልሳ እንጨት በእጅ ለተሠራ አውሮፕላን ግን መለያው ሜዳው ራሱ ነው። ገደቡ ቦታን ሊያይ እንደሚችል ዋሽንግተን ዲሲ ታሳያለች፦ ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባቸው ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን በማይነሳበት የ15 ማይል ክልል ውስጥ ናቸው፤ በ15 እና በ30 ማይል መካከል ያሉት ክለቦች ግን በ2016 በሁኔታዎች ተገድበው መብረር ተፈቅዶላቸዋል።

ኤፍኤኤም ይህን በከፊል ተቀብሏል። በ2019 መጨረሻ፣ የሚበር ሁሉ ማንነቱን በሬዲዮ እንዲያሳውቅ ያቀረበው የደንብ ረቂቅ ከዚህ መለያ ነፃ ለሚሆኑ ሜዳዎች የማመልከቻ ጊዜ የሰጠው 12 ወር ብቻ ነበር፤ ከዚያ በኋላ መሬቱ ለቤት ግንባታ የተወሰደበት ክለብ ሌላ ሜዳ ማስመዝገብ አይችልም ማለት ነበር። ከ53,000 በላይ አስተያየት ከጎረፈ በኋላ በ2021 የጸደቀው ደንብ ገደቡን አነሳ። አሁን ፈቃዱ ለ48 ወር ይሰጣል፤ ሲያልቅ ይታደሳል። እድሳቱ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ በእነዚያ አራት ዓመታት በዚያ ሜዳ ላይ ምን ደረሰ የሚለው ይሁን፤ መልሱም ክለቡ ከያዘው የበረራና የአደጋ መዝገብ ይነበብ።