ጀልባን የሚበላው ባሕር ብቻ አይደለም

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እ.ኤ.አ. በ1761 «አላርም» የተባለችውን የእንጨት የጦር መርከብ ከውሃ በታች ያለውን አካሏን በስስ የመዳብ ንጣፍ አለበሳት። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የታሰበው እንጨት የሚበሳውን የባሕር ትል ለመከላከልና ሆዷ ላይ እየተለጠፉ ፍጥነቷን የሚቀንሱትን ቅርፊታም እንስሳትና የባሕር አረም ለማስቀረት ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ሞቃት ባሕር ላይ ቆይታ በ1763 ስትመረመር ጉዱ የተገኘው ንጣፉን በያዙት የብረት ሚስማሮች ላይ ነው። ብዙዎቹ ተበልተው አልቀዋል፤ መዳቡም በየቦታው ተገንጥሏል። ጥቂት ሚስማሮች ግን ምንም አልሆኑም። ምክንያቱ ሲፈለግ ቡናማ ወረቀት ተገኘ፤ መዳቡ ተጠቅልሎበት የመጣው ወረቀት ሳይነሣ ቀርቶ በሚስማሩና በመዳቡ መካከል በገባበት ቦታ ሁሉ ሚስማሩ ተርፎ ነበር።

ርዝመቷ 9 ወይም 10 ሜትር የሆነ፣ ሁለት ሦስት ሰው አብስሎ እየበላና እየተኛ ለሳምንታት የሚጓዝባት የዛሬዋ ባለሸራ ጀልባም ከዚያ ሚስማር ጣጣ አላመለጠችም። እንዲያውም በውስጧ ተፋፍገው የሚኖሩት ቁሶች ከ«አላርም» ይበዛሉ። ፋይበርግላስ፣ አይዝጌ ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ነሐስ፣ እርሳስ፣ አሁን አሁን ደግሞ ሊቲየም ተጨምሯል። እያንዳንዱ ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም፤ ጣጣው የሚመጣው ጎን ለጎን ሲቀመጡና ጨው ውሃ ሲያገናኛቸው ነው። ስለዚህ ጀልባ ላይ ለብቻው የሚጠገን፣ ለብቻውም የሚሻሻል ዕቃ የለም ማለት ይቻላል።

ማን ማንን ይበላል?

አንድ ሊትር የባሕር ውሃ በአማካይ 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ የቀይ ባሕር ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ 40 ግራም ይደርሳል። ጨው ሲሟሟ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው አዮኖች ስለሚፈጠሩ ውሃው ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። እዚህ ውሃ ውስጥ የገቡ ሁለት የተለያዩ ብረታ ብረቶች እርስ በርስ ከተነካኩ ማንም ሳያስበው ባትሪ ተሠራ ማለት ነው። ኤሌክትሮኑን በቀላሉ የሚለቀው እየሟሟ ያልቃል፤ አጥብቆ የሚይዘው ግን ይጠበቃል። ከለጋሱ ወደ ቆጣቢው ሲደረደሩ ማግኒዥየም፣ ዚንክ፣ አሉሚኒየም፣ ተራ ብረት፣ ነሐስና አይዝጌ ብረት ይከታተላሉ። በ«አላርም» ላይ የተበላው ለጋሱ ብረት ነው፤ ወረቀቱ ያደረገው ነገር ቢኖር ንክኪያቸውን ማቋረጥ ነበር።

ይህንኑ ሕግ ለጥቅም ማዋል ይቻላል። የቤታችን ጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ብረት ነው፤ ቢጫር እንኳ ጭረቱ ቶሎ የማይዝገው ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ስለሚሟሟ ነው። ባለ ጀልባ የሚያደርገውም ይኸንኑ ነው። ከሞተሩ በሚወጣው ዘንግ ላይ፣ ከፕሮፔለሩ አጠገብ፣ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የሚታሰር ጉብ ያለ የዚንክ ቁራጭ አለ። አዲስ ሲሆን ልሙጥና ብርማ ነው። ከወራት በኋላ ጀልባዋ ወደ የብስ ስትወጣ ነጭ ዱቄት ለብሶ፣ ጠርዙ ተሸራርፎ፣ ፊቱ ተቦርቡሮ ይገኛል። ተበላሸ ማለት አይደለም፤ ሥራውን ሠርቷል። ግማሽ ያህሉ ሲያልቅ በአዲስ ይተካል። ምንም ሳይነካ ከተገኘ ነው መጠርጠር፤ ወይ ከዘንጉ ጋር በቅጡ አልተገናኘም፣ ወይ ቀለም ቀቢው ሳያስተውል ሸፍኖታል። ያኔ የሚበላው ፕሮፔለሩ ራሱ ነው። ዚንክ ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ስለሚደነዝዝ፣ እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ላይ ለምትንሳፈፍ ጀልባ የሚመረጠው ማግኒዥየም ነው።

የዴቪ ድልና ሽንፈት

ስለዚህ ዘዴ መጀመሪያ በሳይንስ የጻፈው እንግሊዛዊው ኬሚስት ሰር ሃምፍሪ ዴቪ ነው። ባሕር ኃይሉ የመርከቦቹ መዳብ በባሕር ውሃ እየተበላ ስላስቸገረው እርዳታ ጠየቀው። ዴቪ በ1824 መልሱን ይዞ ቀረበ፤ መዳቡ ላይ ጥቂት ብረት ወይም ዚንክ ቢታሰር መዳቡ ይድናል አለ። «ሳማራንግ» በተባለች መርከብ ላይ ሲሞከር እንዳለውም ሆነ፤ መዳቡ ሳይበላ ቆየ። ግን ሌላ ጉድ ብቅ አለ። የመርከቧ ሆድ በአረምና በቅርፊታም እንስሳት ተሸፈነ፤ ፍጥነቷም ወደቀ። ለካስ መዳብ እነዚያን ፍጥረታት ያርቅ የነበረው ቀስ እያለ በመሟሟቱና ውሃውን በመመረዙ ኖሯል። መሟሟቱን ያቆመው ዴቪ መርዙንም አብሮ አቆመው። ባሕር ኃይሉም መከላከያውን አስነሣ።

የዛሬ ባለ ጀልባ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የጀልባውን ሆድ የሚቀባው ቀለም ከዚሁ ትምህርት የመጣ ነው። ብዙውን ጊዜ የመዳብ ኦክሳይድ አለበት፤ ተመጥኖ እንዲሟሟ የተሠራ ስለሆነ ማለቁ የግድ ነው። ይህንኑ ቀለም የአሉሚኒየም ጀልባ ላይ የሚቀባ ሰው ግን የ«አላርም»ን ስሕተት ደገመ ማለት ነው፤ መዳቡ አሉሚኒየሙን ይበላዋል።

ከመዳብ የበረታ መርዝ ፈልጎ ማግኘትም መፍትሔ አልሆነም። ከ1960ዎቹ ጀምሮ ትሪቡቲልቲን የተባለ የቆርቆሮ ማዕድን ውሁድ ያለባቸው ቀለሞች ተስፋፉ፤ ከመዳብ ይልቅ በደንብ ይሠሩ ነበር። በፈረንሳይ የአርካሾን ባሕረ ሰላጤ ግን የኦይስተር ርቢ ተመናመነ፤ የቀሩትም ዛጎላቸው ቅርፁን አጣ። ፈረንሳይ በ1982 ርዝመታቸው ከ25 ሜትር በታች በሆኑ ጀልባዎች ላይ ቀለሙን ከለከለች። ዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት በ2001 ያጸደቀው ስምምነት ከ2008 ጀምሮ በሥራ ላይ ውሎ በመርከቦች ላይም አገደው።

ላዩ ደህና፣ ውስጡ ባዶ

ትልቁ አደጋ ከሚታየው ዝገት ይልቅ የማይታየው ነው። የጀልባ ሆድ ለመጸዳጃ፣ ለዕቃ ማጠቢያና ለሞተር ማቀዝቀዣ ሲባል በበርካታ ቦታ ተበስቶ በየቀዳዳው ቫልቭ ይገጠምለታል። ቫልቩ ከመዳብና ከዚንክ ቅልቅል ከሆነው ተራ ቢጫ ብረት የተሠራ ከሆነ የባሕር ውሃ ዚንኩን ከውስጡ መርጦ ይመጥጠዋል። የቫልቩ ቅርፅና ልክ ምንም አይለወጥም። ቀለሙን በቢላ ጫፍ ፋቅ ሲያደርጉት ግን ቢጫ መሆኑ ቀርቶ ወደ ሮዝ ያደላል፤ የቀረው ስፖንጅ መሰል መዳብ ነው፤ እጀታውን ጠበቅ አድርጎ ላዞረ ሰው ተሰብሮ በእጁ ሊቀር ይችላል። ውስጠ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀዳዳ ከውሃው ወለል 60 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ቢከፈት በደቂቃ ከ100 ሊትር በላይ ያስገባል። ባለ 200 ሊትር በርሜል ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም። ዚንክ አልባ ነሐስ ወይም ለባሕር የተሠራ ፕላስቲክ የሚመረጠው ለዚህ ነው።

የሸራው ምሰሶ በአይዝጌ ብረት ገመዶች ተወጥሮ ነው የሚቆመው። «አይዝጌ» የሚያሰኘው ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆነው ክሮሚየሙ ከአየርና ከውሃ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ የሚፈጥረው እጅግ ስስ ሽፋን ነው። ሲጫር ራሱን በራሱ ይደፍናል፤ ለዚህ ግን ኦክስጅን ያስፈልገዋል። የገመዱ ጫፍ ተጨምቆ የሚገባበት ቱቦ ውስጥ፣ ወይም የማሰሪያው ብረት የጀልባዋን ወለል ሰንጥቆ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ኦክስጅን ግን አይደርስም። ሽፋኑ እዚያ ይከሽፋል፤ ሌላው አካል እያብረቀረቀ ጫፉ ከውስጥ ይሰነጠቃል። የተለመደው ገመድ ከ19 ሽቦዎች የተገመደ ነው። ፈታሹ ጥጥ ይዞ ከታች ወደ ላይ ይጠርገዋል፤ የተበጠሰ ሽቦ ካለ ጥጡን ይይዘዋል። አንዲት ሽቦ ከተበጠሰች ገመዱ ይቀየራል።

ፋይበርግላስ አይዝግም፤ ቢሆንም ውሃ አይገባውም ማለት አይደለም። የውሃ ሞለኪውሎች የውጩን ሽፋን ቀስ ብለው ያልፉና ከፖሊስተር ሙጫው ጋር ይዋሐዳሉ፤ ከዚህ የሚፈጠረው ፈሳሽ ከባሕሩ ይልቅ የወፈረ ስለሆነ ተጨማሪ ውሃ ወደ ራሱ ይስባል። ግፊቱ ሲበረታ ሽፋኑ ውሃ ይቋጥራል። ቋጠሮው ሲበሳ የሚወጣው ፈሳሽ ሆምጣጤ ሆምጣጤ ይሸታል። ሕክምናው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሽፋኑ ተልጦ፣ ሆዱ ለብዙ ሳምንታት ደርቆ፣ ውሃ እምብዛም በማያሳልፈው ኤፖክሲ ይቀባል። ሳይደርቅ መቀባት ውሃውን ውስጥ ቆልፎ መተው ነው።

ማሻሻል ሲመጣ

ባለ ጀልባዎች ገንዘባቸውን በብዛት የሚያፈሱት በኤሌክትሪኩ ላይ ነው። የጀልባ መሥመር አብዛኛውን ጊዜ 12 ቮልት ነው። መልሕቅ የሚስብ 1000 ዋት ሞተር ቤታችን ባለው 220 ቮልት ቢሠራ 4.5 አምፔር ይበቃው ነበር፤ በ12 ቮልት ግን 83 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ አዲስ መልሕቅ ሳቢ የገዛ ሰው አብሮ ወፍራም ሽቦና ልክ ያለው ፊውዝ ካልገዛ ለቃጠሎ እየተዘጋጀ ነው።

የእርሳስ ባትሪን በሊቲየም መተካት ደግሞ የዘመኑ ፋሽን ሆኗል። ምክንያት አለው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች እንዳይወርድ ይመከራል፤ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ግን ከያዘው 80 በመቶውንና ከዚያም በላይ ያለ ችግር ይሰጣል፤ ክብደቱም ከእርሳሱ ግማሽ በታች ነው። ይሁንና ሞተሩ ላይ ያለው ዲናሞ የተሠራው ለእርሳስ ባትሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለውን ይቀንሳል፤ ሊቲየም እስኪሞላ ድረስ በሙሉ ጉልበቱ ይስባል፤ ዲናሞውም እስኪቃጠል ሊግል ይችላል። የባትሪው መቆጣጠሪያ በድንገት ቢያቋርጥ ደግሞ ቮልቴጁ ዘልሎ የዲናሞውን ዳዮዶች ያቃጥላል። እንግዲህ ባትሪውን የሚቀይር ሰው ዲናሞውን፣ ቻርጀሩንና ፊውዙንም አብሮ ማየት አለበት።

ርካሹ ማሻሻያ ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው ያለው። 25 ዋት የሚበላ የቀድሞ የጀልባ ጉዞ መብራት 10 ሰዓት በሚፈጅ ሌሊት ከ20 አምፔር ሰዓት በላይ ይጨርሳል፤ በ100 ዋት የፀሐይ ሰሌዳ ይህን መልሶ ለመሙላት ጥሩ ፀሐይ ያለበት ቀን አብዛኛው ያልቃል። 2 ዋት በሚበላ ኤልኢዲ ቢተካ ሁለት አምፔር ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትልቅ ባትሪ ከመግዛት ፍጆታን መቀነስ ይቀድማል።

ጎረቤትም የሒሳቡ አካል ነው። ጀልባዋ ወደብ ላይ ከየብስ ኤሌክትሪክ ጋር ስትገናኝ የመሬት ሽቦው ከአጠገቧ ካሉት ጀልባዎች ብረታ ብረት ጋር ያስተሳስራታል። ጎረቤቷ ዚንኩን ካልቀየረ የእሷ ዚንክ ለሁለቱም እየሟሟ በጥቂት ጊዜ ሊያልቅ ይችላል። መሬት ሽቦው ላይ የሚገባ ትንሽ መለያ መሣሪያ ይህን አነስተኛ ጅረት ያቋርጠዋል።

በእጅ የሚደረስበት

እንግሊዛዊው መርከበኛ ሮቢን ኖክስ-ጆንስተን በ1968 ዓለምን ያለ ዕረፍት ብቻውን ለመዞር በተደረገ ውድድር ከእንግሊዙ ወደብ ከፋልማውዝ የተነሣው ቦምቤይ ውስጥ በቲክ እንጨት በተሠራችው በ«ሱሃይሊ» ነበር። ርዝመቷ 9.8 ሜትር ያህል ነው። ውድድሩን ከጀመሩት ዘጠኝ ሰዎች በ1969 ከ312 ቀናት በኋላ የጨረሰው እሱ ብቻ ነው። አትላንቲክ ላይ ሳለ ሳንቃዎቿ ተላቀው ውሃ ሲያስገቡ ጠልቆ ክፍተቱን በጥጥ ወትፎ፣ በላዩ ስስ መዳብ መታበት። ሬዲዮው ሞተ፣ ራሱን የሚነዳው መሪ ተሰበረ፤ ጉዞው ግን አልቆመም፤ ጀልባዋን የሚያንሳፍፉና የሚያስኬዱ ዕቃዎች በእጅ የሚደረስባቸውና በቀላል መሣሪያ የሚጠገኑ ነበሩና።

ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት ሁለት ጥያቄ መጠየቅ ያዋጣል፤ ይህ ዕቃ ከምን ጋር ይነካካል? የብስ በሌለበት ቢበላሽስ በምን እጠግነዋለሁ? ሁለቱንም መመለስ ያቃተው ባለ ጀልባ ገንዘቡን ለቫልቭ፣ ለምሰሶ ገመድና ለዚንክ ቢያወጣው ይሻለዋል።