የአእምሮ ሕመም፦ የኅብረተሰቡ ግንዛቤና የሚዘገየው ሕክምና

የአእምሮ ሕመም ሲነሳ በብዙ ሰው ሐሳብ ቀድሞ የሚመጣው በአደባባይ ብቻውን የሚያወራ፣ ልብሱን የጣለ ወይም ድንጋይ አንስቶ መንገደኛ የሚያሳድድ ሰው ነው። «እብድ»፣ «ወፈፌ»፣ «ሰይጣን የለከፈው» የሚሉት ስሞች የሚሰጡትም ለእርሱ ነው። እንቅልፍ አጥቶ የሚያድር፣ እህል ያስጠላው፣ ከሰው ሸሽቶ የሚውል ግን «ሐሳብ በዝቶበት ነው» ተብሎ ይታለፋል እንጂ ታመመ አይባልም።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በምትገኘው በቡታጅራ አካባቢ የተካሄዱ ጥናቶች ይህንኑ ያመለክታሉ። በአካባቢያቸው የሚታወቁ 100 ነዋሪዎችን በማነጋገር ተካሂዶ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ይፋ በሆነው ጥናት፣ የአእምሮ ሕመም ምልክት ተብለው በብዛት የተጠቀሱት ብዙ ማውራት፣ ጠበኝነትና እንግዳ ጠባይ ናቸው። ነዋሪዎቹ ለአካል ሕመም ዘመናዊ ሕክምናን፣ ለአእምሮ ሕመም ግን ባህላዊውን እንደሚያስቀድሙም ተገልጿል።

ሕመሙ የዛር፣ የቡዳ፣ የመተት ወይም የእርኩስ መንፈስ ሥራ ነው ብሎ ያመነ ቤተሰብ ወደ ጸበል ወይም ወደ ባህል ሐኪም መሄዱ አያስደንቅም። ጸበል ለሕመምተኛውም ሆነ ለአስታማሚው የሚሰጠው ተስፋና የሰው አጀብ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ችግሩ የሚከሰተው አንዱ ሌላውን እንዲተካ ሲደረግ ነው። የኤች አይ ቪ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር ጎን ለጎን መውሰድ እንደሚችሉ የቤተ ክርስቲያን አባቶች በ1990ዎቹ መጨረሻ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለአእምሮ ሕመምተኛውም የሚሠራው ያው ትምህርት ነው።

ሰንሰለትም የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። በዚያው አካባቢ በሶዶ ወረዳ የተካሄደ ጥናት እንዳሳየው፣ ቤተሰብ ሕመምተኛውን በቤት ውስጥ የሚያስረው በአመዛኙ ከጭካኔ የተነሳ አይደለም። ጠፍቶ እንዳይቀር፣ ራሱንና ሌላውን እንዳይጎዳ በመስጋት፣ የሚጠብቀው ሰው ወደ እርሻው መሄድ ስላለበትና ለሕክምና የሚከፍለው በማጣቱ ነው። እናት ልጇን አስራ ገበያ ትውላለች። ይህን ለማስቀረት «አትሰሩ» ብሎ መምከር ብቻውን በቂ እንደማይሆን ግልጽ ነው።

መገለሉ ለቤተሰብም ይተርፋል። በቡታጅራ ከተጠየቁ 178 የሕመምተኞች ቤተ ዘመዶች መካከል ከአራቱ ሦስቱ መገለል እንደሚሰማቸው ተናግረዋል። ጋብቻ የሚጠየቅባት ልጅ ያለችው አባወራ የታመመ ወንድሙን ከእንግዳ ዓይን ቢሰውር ምክንያቱን መገመት አያዳግትም።

መዘግየቱ የሚያስከፍለው ዋጋ ከሁሉ ይከብዳል። በዚሁ ስፍራ ከ1990 ዓ.ም. አንስቶ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆኑ 68,378 ነዋሪዎች ተጠይቀው ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። ከእነዚህ መካከል ከ900 በላይ የሚሆኑት ለ10 ዓመታት ክትትል ሲደረግላቸው 121ዱ ሞተዋል። ሟቾቹ ከሌላው ሕዝብ ሲነጻጸሩ ሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ቀድመው ሕይወታቸው ያለፈ ሲሆን፣ ግማሽ ያህሉን የገደላቸው ተላላፊ በሽታ ነው። በሌላ አነጋገር ብዙዎቹ የሞቱት ማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊያክመው በሚችለው ሕመም ነው። «እብድ» የተባለ ሰው ሲያስለው ሐኪም ዘንድ የሚወስደው አይገኝም።

አገልግሎቱ ራሱ ለረጅም ጊዜ ከሕዝቡ ርቆ ቆይቷል። በ1930 ዓ.ም. የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለበርካታ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ በስፔሻሊቲ ማሠልጠን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ በወቅቱ የነበሩት የዘርፉ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ሕክምናው በጤና ጣቢያዎች ከሌላው አገልግሎት ጋር ተቀናጅቶ እንዲሰጥ ያለመ ነበር። በሶዶ ወረዳም ይህ አሠራር ተሞክሮ የሚቻል መሆኑ ታይቷል።

እስካሁን የተነሳው በአብዛኛው የገጠሩ ሁኔታ ነው፤ ይሁንና ጉዳዩ ከመሥሪያ ቤት ደጃፍ ውጭ የሚቀር አይደለም። በድባቴ የተያዘ ሠራተኛ አይጮህም፤ ያረፍዳል፣ ፋይል ያሳድራል፣ በስብሰባ ላይ ዝም ይላል። አለቃው የሚያየው ስንፍናን ነው፤ ስለዚህም በቅድሚያ የሚደርሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይሆናል። ሕክምና የጀመረውም ቢሆን መድኃኒቱ ለውጥ ማሳየት የሚጀምረው ከሳምንታት በኋላ በመሆኑ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ ሲሻለው በገዛ ራሱ ቢያቋርጥ ደግሞ ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል።

በመሥሪያ ቤት የቆየ ሰው እንደሚያውቀው ግን፣ ለወባ ወይም ለጨጓራ የሐኪም ማስረጃ በኩራት የሚያቀርብ ሠራተኛ ለዚህ ሕመም የዓመት ፈቃዱን ይጨርሳል። «አማኑኤል» የሚለው የሆስፒታል ስም በሰው አፍ መቀለጃ ሆኖ ሳለ ማኅተሙ ያለበትን ወረቀት መዝገብ ቤት ማስገባት ይከብደዋል። ወረቀቱ በሰው ኃይል አስተዳደር በኩል አልፎ የግል ማኅደር ውስጥ እስኪቀመጥ ድረስ ስንት ሰው እንደሚያነበው ያውቃልና።