ብላክ ብሪም፦ የሁለት ውሃ ዓሣ

ፉትስክሬይን የማያውቅ የሜልቦርን ሐበሻ አይገኝም። የቡና ሽታ ከሚያውደው ከዚህ ሰፈር ጥቂት ወረድ ሲባል ማሪበርኖንግ ወንዝ ይገኛል። በድልድዮቹ ምሰሶዎችና በጀልባ ማቆሚያዎቹ ሥር፣ እንጨቱ ላይ የተጣበቁትን ዛጎል ለበስ ፍጥረታት እየነቀለ የሚበላ ዓሣ አለ፤ ብላክ ብሪም ይባላል።

ጎኑ ሰፊ፣ ጀርባው ጎበጥ ያለ ነው። መልኩ ከብርማ እስከ ነሐስማ ቡናማ ይደርሳል። የጀርባ ክንፉ እንደ መርፌ በሚወጉ እሾሆች ስለታጠረ ያለ ጥንቃቄ የጨበጠው ሰው እጁን ያደማል። የፊት ጥርሶቹ ይነቅላሉ፣ ከኋላ ያሉት ድቡልቡል መንጋጋዎች ይፈጫሉ። ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ የጭቃ ትል፣ ትንንሽ ዓሣ፣ ያገኘውን አይመርጥም።

የሚኖረው ከምዕራብ አውስትራሊያ እስከ ኒው ሳውዝ ዌልስ ደቡብ ጫፍ ባሉ የወንዝ አፎችና በታዝማኒያ ነው። የቅርብ ዘመዱ የሎውፊን ብሪም ለመራባት ወደ ባህር ሲወጣ፣ ብላክ ብሪም ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜውን ሙሉ ከተወለደበት ወንዝ አይርቅም። ከባድ ጎርፍ ጠርጎ ካላስወጣው በስተቀር እዚያው ይፈለፈላል፣ እዚያው ያረጃል።

ይህን ዓሣ ለመረዳት ውሃውን መረዳት ያስፈልጋል። ከተራራ የወረደው ጣፋጭ ውሃ ቀላል በመሆኑ ከላይ ይንሳፈፋል፤ ከባህር የገባው ጨዋማ ውሃ ከብዶ ከሥር ይተኛል። ብሪም በጸደይና በበጋው መግቢያ እንቁላሉን የሚጥለው ሁለቱ ውሃዎች በሚነባበሩበት አካባቢ ነው። እንቁላሎቹም በድንበሩ ላይ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ዝናብ ጠፍቶ ወንዙ ከደከመ ንብርብሩ ይጠፋል፤ ጎርፉ ከበረታ ደግሞ ሁሉንም ወደ ባህር ይገፋዋል። ስለዚህ ብዙ ጫጩት የሚተርፍበት ዓመት በየጊዜው አይመጣም። አንዳንድ ወንዝ ውስጥ ያሉት ብሪሞች በአብዛኛው የአንድ ወይም የሁለት መልካም ዓመታት ልጆች ሆነው ይገኛሉ።

በዚያ ላይ ዕድገቱ አዝጋሚ ነው። ወደ 30 ዓመት ገደማ የኖሩ ብሪሞች ተገኝተዋል። ዕድሜያቸው የሚታወቀው በጆሯቸው ውስጥ ካለች ትንሽ ድንጋይ ነው፤ ተቆርጣ በማይክሮስኮፕ ስትታይ የዓመታቱ ቀለበቶች ይቆጠራሉ። በምዕራብ አውስትራሊያ የብላክዉድ ወንዝ ብሪም በተመናመነ ጊዜ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ ይህችኑ ድንጋይ ተጠቀሙባት። በማራቢያ ጣቢያ ያደጉትን ጫጩቶች አሊዛሪን በተባለ ቀለም ነክረው ወደ ወንዙ ለቀቋቸው። ከዓመታት በኋላ ከተያዙት ትልልቅ ዓሦች የብዙዎቹ ጆሮ ድንጋይ ቀለሙን ይዞ ተገኘ። የተለቀቁት መትረፋቸው በዚህ ታወቀ።

አጥማጁም የሚከተለው ያንኑ የሁለቱን ውሃዎች ድንበር ነው። ከከባድ ዝናብ በኋላ ጣፋጩ ውሃ ሲገፋው ብሪም ወደ ታች ይወርዳል፤ ጨዋማው መልሶ ሲገባ ሽቅብ ይከተለዋል። ከዚያ የወደቀ ግንድ፣ የድልድይ ምሰሶ ወይም የድንጋይ ክምር መፈለግ ነው። ጀማሪዎች የሚሳሳቱት ወፍራም ክርና ከባድ እርሳስ ሲጠቀሙ ነው። ብሪም ጥርጣሬው ብዙ ነው፤ ክብደት ከተሰማው ምግቡን ተፍቶ ይሄዳል። ቀጭን ክር፣ ትንሽ መንጠቆ፣ በክሩ ላይ እንደ ልብ የሚንሸራተት ትንሽ እርሳስና ያልተላጠ ትኩስ ሽሪምፕ ይበቃሉ። መጀመሪያ የዘንጉ ጫፍ ነቅነቅ ይላል፤ ያኔ መሳብ አያስፈልግም። ዓሣው ምግቡን ይዞ መሄድ ሲጀምርና ክሩ ሲወጠር ዘንጉን ረጋ ብሎ ማንሳት ነው። ከተያዘ በኋላ የሚሮጠው ወደ ምሰሶው ስለሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ካልተመለሰ ክሩን በዛጎል ቆርጦ ያመልጣል።

በቪክቶሪያ ግዛት ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 69 የሆኑ አጥማጆች፣ ሕጉ ነጻ ካላደረጋቸው በቀር፣ ፈቃድ ማውጣት አለባቸው። ከ28 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ብሪምም ወደ ውሃው ይመለሳል። በሚመለስበት ጊዜ እጅን አርጥቦ መያዝ፣ ከውሃ ውጭ አለማቆየት ይገባል። መንጠቆው ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ከሆነ ደግሞ ከመጎልጎል ይልቅ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጦ መልቀቅ የዓሣውን የመትረፍ ዕድል በእጅጉ ይጨምራል።