ዘፈን የተከለከለባት ከተማ

ጦርነት ስንት ቤት እንዳፈረሰ ለመቍጠር ቀላል ነው። በሕዝብ ልማድና ጨዋታ ላይ ያደረሰውን ጕዳት ግን ለመቍጠር ያዳግታል። ስለዚህ ነገር ዛሬ ለአንባቢዎቻችን በምሳሌነት የምናቀርባት ከተማ በምዕራብ አፍሪቃ፥ በማሊ አገር፥ ሰሐራ ከኒዤር ወንዝ ጋር በሚቀራረብበት ስፍራ የተቈረቈረችው ቲምቡክቱ ናት።

ቲምቡክቱ ከጥንት ጀምሮ የእስልምና ትምህርት ከተማ ስትሆን፥ ጂንጌሬቤር የተባለው ታላቁ መስጊድዋ በ14ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። በውስጥዋ ስላረፉት ወሊዮች ብዛት «የ333 ወሊዮች ከተማ» ትባላለች። ሕዝቡ ቀን የወሊዮቹን መቃብር ሲጐበኝ፥ ማታ ጊታርና ከበሮ ሲያዳምጥ ኖረ እንጂ፥ አንዱ ሌላውን ይከለክላል ብሎ አያስብም ነበር። በማሊ እንደ እኛ አዝማሪዎች በዘፈን የሚያወድሱ፥ የትውልድንም ታሪክ የሚያወርሱ ግሪዮ የሚባሉ ባለሙያዎች አሉ። ቱዋሬጎችም በበረሓ ተሰብስበው ጠባቸውን የሚያበርዱበትና ግመል የሚያሽቀዳድሙበት የቈየ ልማድ ነበራቸው። ይኸው ልማድ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ «የበረሓው በዓል» ተብሎ፥ ከሩቅ አገር ሳይቀር እንግዳ የሚመጣበት የሙዚቃ በዓል ሆነ።

በ2012 ዓ.ም. በዋና ከተማው በባማኮ መፈንቅለ መንግሥት በተደረገ በአሥር ቀን ውስጥ ቲምቡክቱ በታጣቂዎች እጅ ወደቀች። በመጀመሪያ የገቡት የራሳቸውን መንግሥት የሚሹ ቱዋሬጎች ሲሆኑ፥ ወዲያው አንሳር ዲን የተባሉትና ግብረ አበሮቻቸው ሥልጣኑን ወሰዱባቸው። እነዚህም ሙዚቃን ከለከሉ፤ ሴቶች ሳይሸፈኑ እንዳይወጡ አዘዙ። የተያዘች ሴት ትገረፍ ነበር። ክልከላው እስከ ስልክ ጥሪ ድምፅ ድረስ መድረሱን ስንሰማ፥ ነገሩ የሚያስቅ ቢመስለንም ጊታሩን የተቀማው ሰው እንዳልሳቀ እናምናለን። የወሊዮቹ መቃብሮችም በዶማ ፈረሱ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ልባችንን የነካው የብራና ጠባቂዎቻችንን ያስታወሰን የመጻሕፍቱ ነገር ነው። የቲምቡክቱ ቤተ ሰቦች ከአያት ቅድመ አያት የወረሱትን የእጅ ጽሑፍ በቤታቸው ያስቀምጣሉ። አብደል ቃድር ሃይዳራ የተባሉት የመጻሕፍት ጠባቂና ረዳቶቻቸው ይህን ሀብት በብረት ሣጥን እየከተቱ፥ በአህያ ጋሪ፥ በመኪናና በኒዤር ወንዝ ጀልባ ወደ ባማኮ አሸሹት። ታጣቂዎቹ በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የፈረንሳይና የማሊ ጦር ሲቃረብ በአሕመድ ባባ ተቋም ያገኙትን መጽሐፍ አቃጠሉ፤ የሚበዛው ግን አስቀድሞ ወጥቶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተጠገነ ነገር አለ። የከተማይቱ ግንበኞች በአባቶቻቸው ዘዴ 14 መቃብሮችን በ2015 ዓ.ም. አቁመው ጨረሱ። በማፍረሱ ሥራ የተከሰሰው አሕመድ አል ማሕዲም በ2016 ዓ.ም. በዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዓመት ተፈረደበት። ጭቃውና ድንጋዩ እንዲህ ሲመለስ፥ ዘፈኑ ግን መንገዱን ለውጦ ቀረ። ከሰሜን የተሰደዱ ወጣቶች በባማኮ ተገናኝተው ሶንግሆይ ብሉዝ የሚባል ጓድ አቋቋሙ፤ በ2015 ዓ.ም. ያወጡትንም ሸክላ «ሙዚቃ በስደት» አሉት። በአዳራሽና በአውሮፓ መድረክ የሚሰማው ይህ ዘፈን እጅግ ያማረ ነው። ነገር ግን ሰው በአሸዋ ላይ ተቀምጦ፥ ግመሉን አጠገቡ አስሮ የሚሰማው ዘፈን አይደለም።

የበረሓው በዓል ለመጨረሻ ጊዜ በስፍራው የተከበረው፥ ከተማይቱ ከመያዝዋ ሦስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፥ በ2012 ዓ.ም. መባቻ ነበር። ለመመለስ ቢታሰብም የመንገዱ ሥጋት አልፈቀደም፤ በ2023 ዓ.ም. ደግሞ ታጣቂዎች ከተማይቱን ከበው እህል እንዳይገባ አግደው ነበር። በዚያ በ2012 ዓ.ም. የተወለደ የቲምቡክቱ ልጅ ዛሬ ጐርምሷል፤ በዓሉን የሚያውቀው ግን ከታላላቆቹ አፍ ነው።